በእንግዳ አገር የባንክ ሒሳብ ስለ መክፈት

ሰው ከተወለደበት ቀዬ ወጥቶ በማያውቀው አገር በሚቀመጥበት ጊዜ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልጉት ማደሪያና እንጀራ ናቸው። ከእነዚህ ቀጥሎ ግን የድካሙን ዋጋ በሰላም የሚያኖርበት ሥፍራ ያስፈልገዋል። ማደሪያ ያገኘና ሥራ የያዘ እንግዳ፥ ደመወዙን በራሱ ስም የሚያስቀምጥበት ቤት ካጣ፥ ገንዘቡ በሌላ ሰው እጅ ያለ አደራ ሆኖ ይቀራል። አደራውም የሚጠበቀው ባለአደራው ደግ እስከ ሆነ ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ ለውጭ አገር ሰው በሚኖርበት አገር የባንክ ሒሳብ ይከፈትለት ወይስ አይከፈትለት የሚለው ነገር፥ የባንክ ጸሓፊዎች ብቻ የሚነጋገሩበት ጥቃቅን ጉዳይ አይደለም፤ የሠራተኛው የድካም ዋጋ የማን ነው ከሚለው ታላቅ ጥያቄ ጋራ የተያያዘ ነው።

ይህ ጉዳይ ለዋና ከተማ ሰዎች ብቻ የሚነገር የሚመስለው ቢኖር፥ ዓይኑን ወደ ፎገራ ሜዳ ይመልስ። ቁሐር ሚካኤል በወረታ አጠገብ ያለ የገበሬ አገር ነው። ርብና ጉማራ ወደ ጣና በሚወርዱበት በዚህ ሰፊ ሜዳ፥ ክረምት ውሃ በሚተኛበት መሬት ላይ ዛሬ የሚታየው ዋና አዝመራ ሩዝ ነው። ሩዝ ግን የፎገራ የጥንት እህል አይደለም፤ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከሰሜን ኮርያ የመጡ ባለሙያዎች ከገበሬው ጋራ የሞከሩት፥ የእንግዳ አገር ዘር ነው። ዛሬም በወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ቆሟል፤ የጃፓን ባለሙያዎችም ከኢትዮጵያውያን ጋራ ሠርተውበታል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚያልፈውን መንገድ የሠሩት ቻይናውያን ስለ ሆኑ፥ ሕዝቡ እስካሁን የቻይና መንገድ ይለዋል። በወረታም ደረቅ ወደብ ተቋቁሟል። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. ከተነሣ በኋላም በመተማ በኩል ብዙ ስደተኞች ገብተዋል፤ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ሁሉ የሚያልፈው በወረታ ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ ከዚሁ አውራጃ ወንድና ሴት ወጣቶች እንጀራ ፍለጋ ወደ ሱዳን ጠረፍ፥ ወደ ሱዑዲ ዐረብና ወደ ሊባኖስ፥ ወደ አውሮጳና ወደ አሜሪካም ይሄዳሉ። እንግዲህ በአንድ ሜዳ ላይ የመጣ እንግዳና የሄደ እንግዳ ይተላለፋሉ ማለት ነው። የመጣው እንግዳ በወረታ ባንክ መስኮት ፊት ቆሞ የሚጠየቀው ጥያቄ፥ የሄደችው ልጅ በጅዳ ወይም በቤይሩት የምትጠየቀው ጥያቄ ነው። ለመጣው የሚደረገውን ለሄደው ከሚደረገው ለይቶ ማየት ስለማይገባ፥ ነገሩ በሁለቱም በኩል ይመረመር ዘንድ ይገባዋል።

በአገራችን ልማድ እንግዳ ሰው የሚታወቀው በዋስ ነው። ከሌላ ወረዳ መጥቶ ዕቁብ መግባት የሚፈልግ ሰው፥ ዕጣው ከወጣለት በኋላ እንዳይጠፋ አንድ የታወቀ ሰው ዋስ ይጠራል። ዋሱ ግን በእንግዳው ላይ ጌታ አይሆንም። እንግዳው ቢጠፋ ዋሱ ይከፍላል፤ እንግዳው በታማኝነት ቢኖር ግን የዕቁቡ ገንዘብ የእንግዳው እንጂ የዋሱ አይደለም። ስለዚህ ዋስነት በአገሩ ልማድ ሸክምን የሚጋራ እንጂ ሀብትን የሚወስድ አይደለም። የባንክ ሥራ በመጣ ጊዜ ዋሱን በወረቀት ተካው። በቀድሞው ዘመን አንድ ሽማግሌ ቆሞ ይመሰክርለት የነበረውን፥ ዛሬ ፓስፖርት፥ የመኖሪያ ፈቃድና የመታወቂያ ቁጥር ይመሰክሩለታል። ወረቀት ከሽማግሌ የሚሻልበት ነገር አለው፤ ዘመድ የሌለውም ሰው ሊይዘው ይችላልና። የሚያንስበትም ነገር አለው፤ ቤቱ የተቃጠለበትና ሌሊት ከጦርነት የሸሸ ሰው ወረቀቱን ይዞ ላይወጣ ይችላልና።

ኢትዮጵያም ከባንክ ጋራ የተዋወቀችው በእንግዳ በኩል መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1897 ዓ.ም. ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋራ በተደረገው ውል የአቢሲንያ ባንክ እንዲቋቋም ፈቅደው፥ ባንኩ በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን ጀመረ። በዚያን ጊዜ የአገሩ ሰው በማርያ ቴሬዛ ብርና በአሞሌ ጨው ይገበያይ ስለ ነበር፥ ወደ ባንኩ ይመላለሱ የነበሩት በብዛት የውጭ አገር ነጋዴዎችና የሌጋሲዮን ሰዎች ነበሩ። በሐረርና በድሬዳዋ፥ በጎሬና በደምቢዶሎ ቅርንጫፍ ተከፈተ። በ1923 ዓ.ም. ባንኩ ተገዝቶ በኢትዮጵያ ባንክ ተተካ፤ ከጠላት ወረራ በኋላም የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1935 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። ይህም በኋላ በ1956 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ሆኖ በሁለት ተከፈለ። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። በመጀመሪያ እንግዳው ባንኩ ነበረ፤ ባለአገሩም ገንዘቡን ለማያውቀው ቤት አደራ ለመስጠት ይፈራ ነበረ። ዛሬ ግን ባንኩ ባለአገር ሆኗል፤ እንግዳውም ሰው ነው። መተማመን በሁለቱም ወገን በጊዜና በሕግ የሚሠራ እንጂ በአንድ ቀን የሚበቅል አይደለም።

እንግዳው ሰው ባንክ በገባ ጊዜ የሚበዛበት ጥያቄ ከክፋት የመነጨ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ለባንኩ ጥያቄ ምክንያት አለው። በወንጀል የተገኘን ገንዘብ ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን ለመከላከል በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 780፥ ባንክ የደምበኛውን ማንነት ሳያረጋግጥ ሒሳብ እንዳይከፍት አዘዘ። ይህን ሕግ አለማክበር አገርን ምን ያህል እንደሚጎዳ በተግባር ታይቷል። ስለዚህ ወንጀል የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የገንዘብ ግብረ ኀይል፥ ኢትዮጵያን ከየካቲት 2009 ዓ.ም. ጀምሮ ቁጥጥራቸው ጉድለት አለበት ከሚባሉት አገሮች መዝገብ አግብቷት ነበረ፤ ከመዝገቡ የወጣችው በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ነው። አንድ አገር በእንደዚህ ያለ መዝገብ ላይ ስትሰፍር፥ የውጭ ባንኮች ከእርሷ ባንኮች ጋራ ለመገበያየት ያመነታሉ፤ የነጋዴው ሰነድ ይዘገያል፤ ስደተኛው ለእናቱ የሚልከውም ገንዘብ ይንገላታል። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚለው ተረት ለባንክ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

እንዲህም ከሆነ መጠየቁ ትክክል ነው፤ ሊመረመር የሚገባው የጥያቄው ዓይነት ነው። ባንክ ለእንግዳ ሰው ሁለት ዓይነት ጥያቄ ሊያቀርብ ይችላል። አንደኛው፥ ማን ነህ? የሚለው ነው። ሁለተኛው፥ የማን ነህ? የሚለው ነው። የመጀመሪያው በፓስፖርት፥ በመታወቂያ፥ በጣት አሻራ ይመለሳል፤ መልሱም ከሰውየው ጋራ ይሄዳል። ሁለተኛው የሚመለሰው በጌታ፥ በአሠሪ፥ በዘመድ ደብዳቤ ነው፤ መልሱም ደብዳቤ ጸሓፊው ሲቆጣ ይጠፋል። በመጀመሪያው ጥያቄ የተከፈተ ሒሳብ የሰውየው ሀብት ነው። በሁለተኛው ጥያቄ የተከፈተ ሒሳብ ግን በሌላ ሰው ፈቃድ የሚኖር ነው። በየአገሩ ያለው ልዩነት ተመርምሮ ሲታይ፥ የውጭ አገር ሰው መብት የሚሰፋውና የሚጠበው በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል መሆኑ ይገለጻል።

በኢትዮጵያ ያለው ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። በአገሩ ውስጥ ሥራ ይዞ የሚኖር የውጭ አገር ሰው በፓስፖርቱ፥ በመኖሪያ ፈቃዱና በሥራ ፈቃዱ ይታወቃል። በአገሩ ውስጥ ነዋሪ ላልሆነው ሰውና ድርጅት ደግሞ ባንኮች ሦስት ዓይነት ሒሳብ ሲለዩ ኖረዋል። አንደኛው በውጭ ምንዛሪ የሚያዝ ነው። ሁለተኛው ከውጭ በመጣ ምንዛሪ የተሞላና መልሶ ወደ ውጭ ሊተላለፍ የሚችል የብር ሒሳብ ነው። ሦስተኛው በአገር ውስጥ በተገኘ ብር የተሞላና ወደ ውጭ የማይተላለፍ የብር ሒሳብ ነው። ይህን ልዩነት ሳይረዳ ፊርማውን ያኖረ እንግዳ፥ ወደ አገሩ ሊመለስ በተነሣ ጊዜ ብሩን ይዞ በመስኮቱ ፊት ይቆማል። ስለዚህ ጸሓፊው ቅጹን ከማስፈረሙ በፊት፥ ይህ ገንዘብ ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚለውን በግልጽ ቃል ሊነግረው ይገባል።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና በትውልድ ኢትዮጵያዊ ለሆኑ የውጭ ዜጎችም፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2006 በወጣው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ መሠረት በአገር ቤት ባንክ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መክፈት ተፈቅዷል። የመንግሥት ባንክ ብቻ ሳይሆን የግል ባንኮችም ይህን ሒሳብ ይከፍታሉ። መብቱ ብዙ ሰው የሚያውቀው አይደለም፤ ጥቅሙ ግን በቅርቡ በግልጽ ታይቷል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በተደነገገ ጊዜ፥ ከዚያ በፊት 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የብዙ ዓመት ጥሪቱን በዶላር ሒሳብ ያኖረ ሰው ዋጋው አልጎደለበትም፤ በብር ያኖረው ግን በዶላር ሲቆጠር እኩሌታው ያህል ጎደለበት። የሒሳብ ዓይነት መምረጥ ምን ያህል ትርጉም እንዳለው ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አይገኝም።

ስለ ስደተኞችም የተደነገገው ሊታወቅ ይገባል። ኢትዮጵያ 1 ሚሊዮን ያህል ስደተኞችን የተቀበለች አገር ናት። በጥር ወር 2011 ዓ.ም. የጸደቀው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110፥ በሕግ የታወቀ ስደተኛ በተሰጠው መታወቂያ የግል የባንክ ሒሳብ ከፍቶ ገንዘብ የማስቀመጥ፥ የማስተላለፍና የማውጣት መብት ሰጥቶታል። ይህ አዋጅ፥ ማን ነህ? በሚለው ጥያቄ ላይ የቆመ ነው። ስደተኛው ከአገሩ መንግሥት ደብዳቤ እንዲያመጣ አያስገድደውም፤ የሸሸው ከዚያው አገር ስለ ሆነ እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጠየቅ የሕጉን በር በልማድ መዝጋት ይሆናልና። ነገር ግን ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ስለ ታተመ ብቻ በየቅርንጫፉ መስኮት ደርሷል ማለት አይቻልም። በትንሽ ከተማ ያለ ጸሓፊ የስደተኛ መታወቂያ አይቶ የማያውቅ እንደ ሆነ፥ ከመሳሳት እምቢ ማለት ይሻለኛል ብሎ ያስባል። እምቢታው ለጸሓፊው ዕረፍት ነው፤ ለስደተኛው ግን ገንዘቡን በወገቡ ታጥቆ ማደር ነው።

በዚህ መካከል አንድ አዲስ ነገር ገብቷል፤ ይኸውም ፋይዳ የተባለው የዲጂታል መታወቂያ ነው። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 መሠረት ይህ መታወቂያ ለኢትዮጵያውያን ብቻ ሳይሆን በኢትዮጵያ ነዋሪ ለሆኑ የውጭ አገር ሰዎችም ይሰጣል። የአሥር ጣት አሻራ፥ የዓይን ምልክትና የፊት ሥዕል ይመዘገባል፤ ሰውየውም አንድ ቁጥር ይቀበላል። አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ይህ ቁጥር አስፈላጊ እንዲሆን ብሔራዊ ባንክ ወስኖ፥ ውሳኔው በአዲስ አበባ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ተፈጻሚ ሆነ፤ ወደ ሌሎች ከተሞችም በየደረጃው እንዲሰፋ ተደረገ። የዚህ ሥራ መልካምነቱ ግልጽ ነው። የቁሐር ሚካኤል ገበሬና የውጭ አገሩ መሐንዲስ በአንድ ዓይነት ቁጥር ይታወቃሉ፤ ሁለቱም፥ ማን ነህ? ተብለው እንጂ፥ የማን ነህ? ተብለው አይጠየቁም። ነገር ግን አንድ ቁልፍ ለበሮች ሁሉ በሚሠራበት ጊዜ፥ ቁልፉን ያጣ ሰው ከሁሉም በር ውጭ ይቀራል። ስለዚህ የምዝገባው ጣቢያ ከባንኩ መስኮት ቀድሞ ወደ ገጠር መድረስ አለበት፤ በእጅ ሥራ አሻራው ለጠፋበት ገበሬና ወረቀት ለሌለው ስደተኛም መንገድ ሊዘጋጅለት ይገባል።

አሁን ደግሞ ወደ ሄደው እንግዳ ይታለፍ። በዐረብ አገሮች ለረዥም ዘመን የኖረው ሥርዓት ከፋላ ይባላል። ከፊል ማለት በዐረብኛ ዋስ ማለት ነው። ቃሉ በፎገራ ዕቁብ ካለው ዋስ ጋራ አንድ ይሁን እንጂ ሥራው የተለየ ሆኗል። የፎገራው ዋስ ስለ እንግዳው ዕዳ ይሸከማል፤ ከፊሉ ግን በብዙ ቤቶች የሠራተኛይቱን ፓስፖርት ይዞ፥ ከቤት መውጣቷን ወስኖ፥ ደመወዟንም ኋላ እሰጥሻለሁ ብሎ በራሱ ዘንድ ሲያኖር ተገኝቷል። እንዲህ ያለች ሠራተኛ ባንክ ብትሄድ የምትጠየቀው፥ የማን ነሽ? ተብላ ነው። ፓስፖርቷ በአሠሪዋ ሣጥን ውስጥ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዷም በአሠሪዋ ስም ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሱዑዲ ዐረብ በጥቂት ወራት ውስጥ በተመለሱ ጊዜ፥ ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን የወረዱት የሠሩት ሥራ ጠፍቶ አይደለም፤ የሠሩበት ዋጋ በራሳቸው ስም ስላልነበረ ነው።

ይህን የሚያሻሽል ሥራ በእነዚያም አገሮች ተጀምሯል። የተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2009 የሠራተኛ ደመወዝ በባንክ ወይም በተፈቀደለት የገንዘብ ቤት በኩል እንዲከፈልና መንግሥት እንዲያየው አዘዙ። ሱዑዲ ዐረብም የቤት ሠራተኞች ደመወዝ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ የገንዘብ ቦርሳ በኩል እንዲተላለፍ፥ ከሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ ውል ለሚገቡት ደንግጋ፥ ከዚያ በየደረጃው ወደ ሌሎች አሠሪዎች አስፋፋችው። የዚህ ድንጋጌ ጥቅሙ ገንዘቡን ከሌባ መጠበቅ ብቻ አይደለም። ደመወዝ በእጅ ሲሰጥ ከፈልኩ አልከፈልክም የሚል ክርክር ይነሣል፤ ክርክሩም የሚፈረደው ለባለአገሩ ነው። በሒሳብ ሲገባ ግን ያልተከፈለው ወር ባዶ ሆኖ በመዝገብ ላይ ይታያል። እንግዳ ለሆነችና ቋንቋውን ለማታውቅ ሠራተኛ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ይሁን እንጂ ሒሳብ መክፈት ብቻውን ሁሉን ያድናል ማለት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በሊባኖስ ባንኮቹ ራሳቸው ተናወጡ፤ ደምበኞቻቸው ዶላር እንዳያወጡ ከለከሉ፤ የአገሩም ገንዘብ ዋጋው ወደቀ። ብዙ አሠሪዎች ደመወዝ መክፈል ስላቃታቸው፥ በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያ ኢትዮጵያውያት የቤት ሠራተኞች በቤይሩት በኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ከነሻንጣቸው ተጥለው ዓለም ሁሉ አየ። ስለዚህ በእንግዳ አገር ያለ ሒሳብ የደመወዝ መቀበያና ማስረጃ እንጂ የዕድሜ ልክ ጎተራ ሊሆን አይገባውም። ገበሬ አዝመራውን ሁሉ በአንድ ጎተራ እንደማያኖር፥ ስደተኛም ጥሪቱን ሁሉ በአንድ አገር ባንክ አያኑር።

በአውሮጳ ያለው ሕግ ከዚህ የተለየ መንገድ ይዟል። የአውሮጳ ኅብረት በ2014 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ፥ በኅብረቱ አገሮች በሕግ የሚኖር ሰው ሁሉ መሠረታዊ የክፍያ ሒሳብ የማግኘት መብት አለው፤ ጥገኝነት የጠየቀውና ቋሚ አድራሻ የሌለውም ሰው ከዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። ባንኩ ማመልከቻው ተሟልቶ ከደረሰው በኋላ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ሒሳቡን መክፈት ወይም እምቢ ያለበትን መግለጽ አለበት። በአሜሪካም ከ2001 ወዲህ የወጣው ሕግ ባንክ ከደምበኛው አራት ነገሮች እንዲጠይቅ ያዝዛል፤ እነርሱም ስም፥ የልደት ቀን፥ አድራሻና የመታወቂያ ቁጥር ናቸው። የአገሩ ዜጋ ላልሆነ ሰው የመታወቂያው ቁጥር የፓስፖርት ቁጥር ሊሆን ይችላል። የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር የሌለው ሰው ሒሳብ ሊከፍት አይችልም ብሎ የሚያምን ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው፤ የፌዴራሉ ሕግ ግን እንዲህ አይልም። እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ልማድ ስለሚጨምር፥ በአንዱ በር እምቢ የተባለ ሰው በሌላው በር ሊሳካለት ይችላል። በእነዚህ አገሮች ሕጉ የባንኩን ፍርሃት ሳይንቅ፥ የእንግዳውን መብት በቀንና በቁጥር ወስኖታል።

የሚከለክለው ወገን የሚያቀርበው ምክንያት እንግዳ ሰው ገንዘብ ይዞ ይጠፋል፥ ለወንጀልም ይጠቀምበታል የሚል ነው። ምክንያቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ሒሳብ የተከለከለ እንግዳ ገንዘብ መያዙን አይተውም። የባለአገር ስም ይዋሳል፤ ወይም በእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍ ሐዋላ ይልካል፤ ወይም በፍራሹ ሥር ይቀብራል። በተዋሰው ስም የገባው ገንዘብ በመዝገብ ላይ የባለአገሩ ነው፤ መንግሥትም እውነተኛውን ባለቤት አያየውም። እንግዲህ ክልከላው ሊያጠፋው ያሰበውን ጨለማ ራሱ ያበዛዋል። በታወቀ ስም፥ በታወቀ ቁጥር፥ በመጠን የተወሰነ ሒሳብ መክፈት፥ ለቁጥጥርም ለእንግዳውም ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ ጋራ በአገር ቤት ያለ አንድ ነገር ዝም ሊባል አይገባውም። በዐረብ አገር የምትሠራ ልጅ ደመወዟን የምትልከው አብዛኛውን ጊዜ በአባቷ፥ በወንድሟ ወይም በባሏ ሒሳብ ነው። ቤተ ሰቡ ያለ ክፋት ለመሬት ኪራይ፥ ለበሬ፥ ለሠርግ፥ ለሕክምና ያወጣዋል። ከብዙ ዓመት በኋላ በተመለሰች ጊዜ ገንዘቡ የለም፤ ብትጠይቅ ዘመድ የከሰሰች ትባላለች፤ ዝም ብትል ዳግመኛ ትሰደዳለች። በባዕድ አገር የጌታ ስም እንደ ሸፈናት፥ በአገሯም የዘመድ ስም ይሸፍናታል። ከውጭ ከመጣ ጭቆና ይልቅ ይህ በፍቅር የሚደረገው ጉዳት ለመናገር ይከብዳል፤ ይሁን እንጂ ካልተነገረ አይታረምም። መድኃኒቱም ሩቅ አይደለም። ከመሄዷ በፊት በራሷ ስም በወረታ ወይም በባሕር ዳር ሒሳብ ከፍታ፥ ደብተሯን ይዛ ትሂድ። ለቤተ ሰብ የምትሰጠውን ለይታ ትላክ፤ የራሷን ድርሻ በራሷ ስም ታኑር። ከሄደችም በኋላ ቢሆን በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በተፈቀደው ሒሳብ ልትጠቀም ትችላለች። ለአባትና ለእናት መርዳት ታላቅ በረከት ነው፤ በረከት የሚሆነው ግን ሰጪው እጁ በፈቀደለት ጊዜ ነው።

እንግዲህ ለየወገኑ የሚገባው ሥራ ተለይቶ ይታወቃል። ባንኮች ለእንግዳ ሰው የሚያስፈልገውን ወረቀት ዝርዝር በአማርኛና በውጭ ቋንቋ ጽፈው በየቅርንጫፉ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፤ እምቢ ያሉትንም ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጡት። ብሔራዊ ባንክ፥ የስደተኞችን መታወቂያና የውጭ አገር ፓስፖርት እንዴት እንደሚመረምሩ ለትናንሽ ከተሞች ጸሓፊዎች ትምህርት እንዲሰጥ ቢያደርግ፥ አዋጁ ከወረቀት ወደ መስኮት ይወርዳል። በታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ የውጭ ባንኮች ወደ ኢትዮጵያ እንዲገቡ በር ስለ ከፈተ፥ ይህን ሥራ ማዘግየት አይቻልም። የውጭ ባንክ የራሱን አገር ሰዎች ደምበኛ ለማድረግ አይቸገርም፤ በቁሐር ሚካኤል ያለውን ገበሬና ከመተማ የመጣውን ስደተኛ የሚያገለግለው ግን የአገሩ ባንክ ነው። በውጭ ያሉ ኤምባሲዎችና ቆንስላዎችም የሠራተኛ ውል በሚመረምሩበት ጊዜ፥ ደመወዙ በሠራተኛይቱ ስም በተከፈተ ሒሳብ የሚገባ መሆኑን ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ ያድርጉት። ወደ ውጭ ለሚሄዱት በሚሰጠው የቅድመ ጉዞ ትምህርትም፥ ከምድጃና ከማጠቢያ መኪና አጠቃቀም ጋራ የባንክ ሒሳብ አጠቃቀም አብሮ ይሰጥ።

ኢትዮጵያ ለዜጎቿ በባዕድ አገር የምትለምነውን መብት፥ በራሷ ምድር ለሚኖረው እንግዳ በሰጠች ጊዜ ልመናዋ ክብር ያገኛል። የሱዳኑ ስደተኛ በመታወቂያው ብቻ በኢትዮጵያ ከተማ ሒሳብ የሚከፍት ከሆነ፥ የኢትዮጵያ መልእክተኛ በጅዳና በቤይሩት ስለ እኅቶቹ ሲናገር ቃሉ አያፍርም። በዚህ የሚሸፍን ሰው ካለ ግን በዚያ የሚከራከርበት አፍ አይኖረውም።

የፎገራ ገበሬ የእንግዳውን ዘር ከየት መጣ ብሎ አልጣለውም፤ ውሃ በተኛበት መሬት ላይ ዘርቶ፥ ፍሬውን አይቶ፥ የራሱ አደረገው። ሰው ግን ከዘር ይበልጣልና በስሙ ሊጠራ ይገባዋል። እንግዳ የሆነ ሰው ሁሉ በሚኖርበት አገር ስሙ የተጻፈበት አንድ መዝገብ፥ ድካሙም የተቈጠረበት አንድ ሒሳብ ይኑረው። ይህ ሲሆን ሠራተኛ ዋጋውን ያገኛል፤ መንግሥትም ገንዘቡን ያያል፤ ዘመድም ከዘመዱ ጋራ አይጣላም።